የመኪናዬን ባትሪ ራሴ ልቀይር ነው፤ ከመንካቴ በፊት ምን ልወቅ?

የማለዳ ነጂ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ካለች ሦስት ቀኗ ነው። ቁልፉን ሳዞር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች፤ በቃ። የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ ይላል። ትናንት ጎረቤቴ በኬብል ከእሱ መኪና አገናኝቶ አስነሳልኝና ቀኑን ሙሉ ደህና ስነዳት ዋልኩ። ዛሬ ጠዋት ያው ናት። ባትሪው ላይ የታተመውን ቀን ሳየው አምስት ዓመት ሊደፍን ሁለት ወር ቀርቶታል።

ጎማ ቀይሬ አውቃለሁ። የፊት መብራት አምፖልም ቀይሬያለሁ። ባትሪ ግን ነክቼ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ያስፈራኛል። ቢሆንም ይህን በራሴ እጅ መሥራት እፈልጋለሁ። ቅደም ተከተሉን የምታውቁ ንገሩኝ። ለምን እንደዚያ እንደሚደረግም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱን ካልያዝኩ ነገሩ ከጭንቅላቴ ይወጣል።

ቁልፍ አስር

አይዞሽ፣ ከጎማ ይቀላል። ብዙ መኪኖች ላይ የገመዱን ማሰሪያ የ10 ቁልፍ ይፈታዋል። ባትሪውን ወደታች የያዘው ብሎን 10፣ 12 ወይም 13 ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ማይነሱን ፍቺ፣ ከዚያ ፕላሱን። ስትገጥሚ ፕላሱ ይቀድማል፣ ማይነሱ መጨረሻ ነው። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅብሽ ነው።

የድሮ መካኒክ

ልጄ፣ ቁልፍ አስር የነገረሽ ቅደም ተከተል ልክ ነው። እኔ ግን አንድ እርምጃ ወደኋላ ልመልስሽ። ጥፋተኛው ባትሪው መሆኑን አረጋግጠሻል?

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሲያበሳጨኝ የኖረው ነገር ይሄ ነው። ሰው አዲስ ባትሪ ገዝቶ ይገጥማል፤ በሳምንቱ መኪናው ይቆማል። ለካ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ አይሞላም ነበር። ወይም ማሰሪያው ላልቶ ነበር። ደህና የነበረው ባትሪ ተጥሏል፣ ገንዘቡም ወጥቷል።

ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው የሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው፣ ማግኔት ነው። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይስባል። ሞተሪኖው ልዙር ሲል ቮልቴጁ ይወድቅበትና ማግኔቱ ይለቃል። ሲለቅ ቮልቴጁ ተመልሶ ይነሳል፣ እንደገና ይስባል። ስለዚህ ድምፁ የሚነግርሽ ለሞተሪኖው በቂ ጉልበት እየደረሰ እንዳልሆነ ነው። ጉልበቱ ከባትሪው ጠፍቶ ይሁን መንገድ ላይ ቀርቶ አይነግርሽም።

ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ፈልጊ። ቀጥታ ቮልት ላይ፣ 20 ከሚለው አድርጊውና እነዚህን አራት ነገሮች ለኪ።

አንደኛ፣ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ምንም ሳትነኪ ባትሪውን ለኪ። 12.6 ካሳየሽ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ ነው። 12.0 እና ከዚያ በታች ከሆነ ሊያልቅ ደርሷል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ባትሪው ውስጥ ስድስት ክፍሎች አሉ፣ እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ሙሉና ባዶ የሚለያዩት በዚያች ግማሽ ቮልት ነው።

ሁለተኛ፣ ባትሪውን በቻርጀር ሙሉ። ከሞላ በኋላ ጥቂት ሰዓት ይረፍ። ከዚያ ሌላ ሰው ሞተሩን ሲያስነሳ ቁጥሩን ተመልከቺ። ከ9.6 በታች ከወደቀ ባትሪው ደክሟል። ሳይሞላ አትፈትኚው። የተራበ ሰው ሸክም አልቻለም ተብሎ አይፈረድበትም።

ሦስተኛ፣ አሁንም ሰው ሲያስነሳ፣ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ራሱ የባትሪው ተርሚናል (ገመዱ የሚታሰርበት ጉጥ) ላይ፣ ሌላውን የገመዱ ማሰሪያ ላይ አድርጊ። ከዜሮ ብዙም መራቅ የለበትም። ግማሽ ቮልት ካሳየሽ ጥፋቱ እዚያው መጋጠሚያው ላይ ነው፤ ባትሪ አትግዢ፣ አጽጂው።

አራተኛ፣ ሞተሩ ተነስቶ ሲሠራ ባትሪው ላይ ለኪ። ከ13.8 እስከ 14.7 ባለው ውስጥ ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው። 12 ምናምን ላይ ከቆመ አዲስ ባትሪ ብትገጥሚም ያንኑ ችግር ታመጪያለሽ። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ግን ባትሪው ሲሞላ የዲናሞውን ሥራ ራሳቸው ይቀንሱታል። የፊት መብራትና ማሞቂያ አብሪና ደግመሽ እዪ።

ጥቁር ጓንት

የጋሼ ምክር ወርቅ ነው። የእኔ መኪና በትክክል እንዲህ ነበረች። ማሰሪያውን ሳነሳው ውስጡ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ሞልቶታል። በሽቦ ብሩሽ አጽድቼ መልሼ አጠበቅኩት፤ ከዚያ ያው ባትሪ ሁለት ዓመት አገለገለኝ።

የማለዳ ነጂ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቴስተር ከወንድሜ ተውሼ እንዳሉኝ አደረግኩ። ጠዋት ሳይነካ 12.08። ሌሊቱን ቻርጀር ላይ አደረ። ካረፈ በኋላ 12.61 አሳየኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ተረፈ ብዬ። ወንድሜ ሲያስነሳው ግን 8.3 ወረደ። መጋጠሚያው ላይ 0.04 ነው። ሞተሩ ተነስቶ ደግሞ 14.3።

ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ሁለተኛው ላይ 8.1 ሆነ።

የድሮ መካኒክ

በቃ፣ ባትሪው ነው። ዲናሞሽ ጤነኛ ነው፣ ገመድሽም ደህና ነው። 12.61 ብሎ ሲያስነሳ 8.3 መውደቁ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ብረት ሳህኖች ማርጀታቸውን ያሳያል። ላይ ላዩን ይሞላል፣ ሲጠየቅ ግን የሚሰጠው የለውም። ደግሞ በዚህ ዕድሜው አይወቀስም። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው የሚጠበቅበት፤ ሞተሩ አጠገብ በሙቀት የሚኖር ደግሞ ቶሎ ያረጃል። ብዙ ሰው ባትሪን የሚገድለው ብርድ ይመስለዋል። የሚገድለውስ ሙቀት ነው። ብርድ የሚያደርገው የተጎዳውን ማጋለጥ ነው።

አሁን ግዢ። በደንብ መርጠሽ።

ሽቦ አዋቂ

ግዢው ላይ እኔ ልግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው።

አሮጌውን ባትሪ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ከላይም ከጎንም። ከዚያ አራት ነገር አመሳክሪ።

መጠኑ። ርዝመት፣ ስፋት፣ ቁመት። ማስቀመጫው ላይ በደንብ ካልተቀመጠ ወይም ኮፈኑ ሲዘጋ ተርሚናሉን ከነካ አደጋ ነው።

የተርሚናሎቹ አቀማመጥ። ይሄን ደግሜ ደጋግሜ ነው የምናገረው። ሁለት ባትሪዎች በመጠን አንድ ዓይነት ሆነው ፕላሱ አንዱ ላይ በቀኝ፣ ሌላው ላይ በግራ ሊሆን ይችላል። የጃፓን አሰያየም ያለው ከሆነ፣ ለምሳሌ 55ዲ23ኤል፣ 23 ርዝመቱ ነው በሴንቲሜትር። መጨረሻ ያለው ኤል ወይም አር ደግሞ የተርሚናሎቹን ጎን ይናገራል። ኤል ከነበረ ኤል ግዢ። ካልሆነ ገመዱ አይደርስም፤ ሰው ደግሞ ገመዱን እየጎተተ ለማድረስ ሲታገል ነው አዙሮ የሚገጥመው። አዙሮ መግጠም ማለት ዋናው ፊውዝና የዲናሞው ዳዮዶች ይቃጠላሉ፣ እድል ከሌለሽ ኮምፒውተሩም አብሮ ይሄዳል።

የማስነሻ ጉልበቱ። ሲሲኤ ተብሎ ይጻፋል። በአሜሪካው ደረጃ ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሆኖ፣ ለ30 ሴኮንድ፣ ቮልቴጁ ከ7.2 ሳይወርድ የሚሰጠው አምፒር ነው። የአውሮፓው አለካክ ይለያል፤ ስለዚህ የተለያየ ደረጃ ያላቸውን ቁጥሮች አታወዳድሪ። ማኑዋሉ ከሚለው ቢበልጥ አይጎዳም። ካነሰ ግን ያስቸግርሻል።

ዓይነቱ። መኪናሽ መብራት ላይ ስትቆሚ ሞተሩን ራሷ አጥፍታ የምታስነሳ ከሆነች ተራ ባትሪ አይሆናትም። ለእንዲህ ዓይነት መኪና የተሠሩ ኤጂኤም እና ኢኤፍቢ የሚባሉ ጠንካራ ባትሪዎች አሉ፤ ኤጂኤም ከነበረ ኤጂኤም፣ ኢኤፍቢ ከነበረ ኢኤፍቢ ወይም ኤጂኤም። ተራ ባትሪ ብታስገቢ ይነሳል፤ ግን በወራት ውስጥ ይሞታል።

አንድ ነገር ልጨምር። የተመረተበትን ቀን እዪ። መደርደሪያ ላይ ዓመት የቆየ ባትሪ ሳይሞላ ቆይቶ ከሆነ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ጠንካራ ንብርብር ጋግሮ ነው የምታገኚው።

የሌሊት ፈረቃ

ከእኔ ልምድ አንድ ዘዴ ላካፍል። ሬዲዮውና ሰዓቱ እንዳይጠፋ ሞተሩን አስነስቼ ነው የምቀይረው። ሞተሩ እየሠራ አሮጌውን አወጣለሁ፣ አዲሱን አስገባለሁ። ሦስት ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ ምንም አልሆነም።

ሽቦ አዋቂ

ወንድሜ፣ እባክህን ይህን ለማንም አትምከር። ሦስት ጊዜ መትረፍህ አራተኛውን ዋስ አይሆንልህም።

ባትሪ ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ብቻ አይደለም፤ የመኪናው ትራስ ነው። ዲናሞው እየሞላ ሳለ ባትሪውን በድንገት ስትነጥለው የሚያመነጨው ኃይል መሄጃ ያጣል። ቮልቴጁ ከ14 ተነስቶ ለቅጽበት ብዙ አስር ቮልት ይዘላል። የሞተሩ ኮምፒውተር፣ የኤርባጉ መቆጣጠሪያ፣ ሬዲዮው ሁሉም በዚያው መስመር ላይ ናቸው። ዲናሞው ራሱም ይቃጠላል። ደግሞ እጅህ የሚዞር ቀበቶ አጠገብ ነው ያለው።

ማስታወሻው እንዳይጠፋ ከፈለግህ ለዚሁ የተሠራ ትንሽ መሣሪያ አለ። መካኒኮች የኮምፒውተር መመርመሪያ የሚሰኩበት ሶኬት ላይ ይሰካና በሌላ ትንሽ ባትሪ መስመሩን በሕይወት ያቆየዋል። ያን ስትጠቀም ግን የፕላሱ ገመድ ኤሌክትሪክ እንዳለበት እንዳትረሳ። ማሰሪያውን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ብረት እንዳይነካ።

የሌሊት ፈረቃ

ገባኝ። እንዲህ ዓይነት አደጋ እንዳለው አላውቅም ነበር። ከአሁን በኋላ አላደርገውም። የጻፍኩትን አላጠፋውም፤ ሌላም ሰው መልሱን ያንብበው።

ጥቁር ጓንት

የማለዳ ነጂ፣ አንቺ ምክንያቱን ንገሩኝ ስላልሽ ማይነስ ለምን እንደሚቀድም በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ።

የመኪናው አካል ብረት በሙሉ ከማይነስ ጋር የተያያዘ ነው። ሞተሩ፣ ሻንሲው፣ ኮፈኑ፣ ሁሉም። ማይነሱ እንደታሰረ ፕላሱን ስትፈቺ ቁልፍሽ የትኛውንም ብረት ከነካ ፕላስና ማይነስን በእጅሽ አገናኘሽ ማለት ነው። ማይነሱ ከተፈታ ግን መንገዱ ተቆርጧል፤ ቁልፉ ብረት ቢነካም ምንም አይሆንም። ስትገጥሚ ማይነሱ መጨረሻ የሚሆነውም ለዚሁ ነው።

እኔ ወጣት ሳለሁ ፕላሱን ቀድሜ ፈታሁ። ቁልፉ ረጅም ነበር፤ ጫፉ የጎኑን ብረት ነካ። ድምፁ እንደ ጥይት ነው። ሰማያዊ ብርሃን አየሁ። ቁልፉ ብረቱ ላይ ተበየደ፤ ለማላቀቅ በእጄ ስይዘው ጣቴ ላይ የነበረው ቀለበት ተርሚናሉን ነካና ጋለ። ቀለበቱን አውልቄ እስክጥል ሁለት ሴኮንድ አይሞላም፤ ጠባሳው ግን እስከ ዛሬ ጣቴን ዞሮ ይታያል። ቁልፉን አልጣልኩትም። ጫፉ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህል ጉድጓድ አለው፤ ለሚማሩ ልጆች አሳያቸዋለሁ።

ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር፣ የአንገት ሐብል፤ ሁሉንም አውልቂ። 12 ቮልት አይነዝርም ይላሉ፣ እውነት ነው፣ አይነዝርም። የሚያቃጥለው አምፒሩ ነው።

የድሮ መካኒክ

እግዚአብሔር አትርፎሃል ወንድሜ።

ልጄ፣ መነጽርም አድርጊ። ተራውን የዓይን መነጽር ማለቴ ሳይሆን ጎኑ የተሸፈነውን። ባትሪው ውስጥ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ሲሞላ ደግሞ ሃይድሮጅን ይወጣዋል፤ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከሆነ ብልጭታ ይበቃዋል። ስለዚህ ሌሊቱን ቻርጀር ላይ የነበረውን ባትሪ ስትነኪ መጀመሪያ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀይ፣ ከዚያ መቆንጠጫዎቹን አንሺ። በር ክፍት ይሁን። አጠገቡ ሲጋራ አይጨስ።

አሲድ ቆዳሽን ከነካ ብዙ ውሃ አፍስሺበት። ዓይን ከነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ታጥበሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

አዲስ ገባ

ይቅርታ፣ የእኔ ሃይብሪድ ነው፤ በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄድ። ይህ ሁሉ ለእኔም ይሠራል? ባትሪውን ኮፈኑ ስር ብፈልገው አጣሁት።

ሽቦ አዋቂ

ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ መቀየር ትችላለህ፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ጎን ወይም ከኋላ ወንበር ስር ናት። ብርቱካናማ ሽፋን ያለውን ገመድ ግን በምንም ምክንያት አትንካ። እሱ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ነው፤ ሰው ይገድላል።

ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ያለ ባትሪ ጎኑ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይኖረዋል። ጋዙን ወደ ውጭ የሚያወጣው እሱ ነው። አዲሱ ላይ መልሰህ ሰካው። ሌላም አለ፤ የኋላ በርህ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ባትሪው ተነቅሎ እያለ አትዝጋው። ቁልፉንም መኪናው ውስጥ አትተው።

የማለዳ ነጂ

ቀየርኩት! በራሴ እጅ! ሁሉንም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ያልጠበቅኳቸው ነገሮች ገጠሙኝ።

ቀለበቴን አውልቄ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁልፉ ኪሴ ነው። የማይነሱን ብሎን በ10 ቁልፍ አላላሁት፤ ማሰሪያው ግን ንቅንቅ አላለም። አምስት ዓመት እዚያው ተቀምጦ ተጣብቋል። በካቻቢቴ ልፈነቅለው አሰብኩና ቁልፍ አስርን በግል መልእክት ጠየቅኩት። አይሆንም አለኝ፤ ተርሚናሉ እርሳስ ስለሆነ ለስላሳ ነው፣ ከሥሩ ይሰበራል። ብሎኑን ጨርሼ አላልቼ፣ የማሰሪያውን አፍ በካቻቢቴ ጫፍ ትንሽ ከፈት አደረግኩና በእጄ ግራ ቀኝ እያወዛወዝኩ ወደ ላይ ሳብኩት። ከአስር ጊዜ በኋላ ለቀቀ። ተመልሶ እንዳይነካ በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ጎን አሰርኩት። ፕላሱ ቀይ ሽፋን ነበረው፤ እሱ ቶሎ ወጣ።

ከሥር ያለው መያዣ ነው ያደከመኝ። ብሎኑ ጥልቅ ቦታ ነው፣ ዝጓል። ቁልፌ አልደረሰም፤ ማርዘሚያ ያለው የ13 መፍቻ ተውሼ ነው የፈታሁት። ከዚያ ማንሳት። ተዘጋጅታችሁ አንሱ! 15 ኪሎ ገደማ ነው፤ እጅን ዘርግቶ ከሞተር ጉድጓድ ውስጥ ሲያነሱት ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። ሳላጋድለው ቀጥ አድርጌ አወጣሁት።

የባትሪው ማስቀመጫ ላይ ነጭ ዱቄት ነበር። ቤኪንግ ሶዳ በለብ ያለ ውሃ በጥብጬ ሳፈስበት እንደ ለስላሳ መጠጥ ፈላ። አሲዱን ሲያረክሰው ነው አሉ። አረፋው እስኪያቆም ጠብቄ በንጹሕ ውሃ አጥቤ አደረቅኩት። ማሰሪያዎቹን ውስጣቸውን በሽቦ ብሩሽ ፈተግኳቸው፤ ግራጫው ሄዶ ብሩህ ብረት እስኪታይ። አዲሱን አስቀመጥኩ፣ መያዣውን አጠበቅኩ፣ ፕላሱን፣ በመጨረሻ ማይነሱን። ማይነሱን ሳስገባ ትንሽ ብልጭታ አየሁና ደነገጥኩ። ይህ ትክክል ነው?

መኪናዋ ገና ቁልፉን ሳዞር ተነሳች። ከምር ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የድሮ መካኒክ

እሰይ ልጄ! እጅሽ ይባረክ!

ብልጭታዋ አታስደንግጥሽ። ኮምፒውተሮቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች (ካፓሲተሮች) ሲሞሉ ትንሽ ብልጭታ ይኖራል። ትልቅና የሚደጋገም ቢሆን ግን መብራት ወይም ሌላ ነገር በርቶ ቀርቷል፣ ወይም የሆነ ቦታ ተገናኝቷል ማለት ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ማሰሪያውን ካጠበቅሽ በኋላ በእጅሽ አዙረሽ ሞክረሻል? ንቅንቅ ማለት የለበትም። ግን ደግሞ በሙሉ ጉልበት አታጥብቂ፤ እርሳስ ነው። ሁለተኛ፣ ፕላሱ ፕላስ ላይ በትክክል ገብቷል? የፕላሱ ተርሚናል ከማይነሱ ትንሽ ወፈር ይላል። ሆን ተብሎ ነው፤ ሰው እንዳይሳሳት። ማሰሪያው አልገባም ካለ በመዶሻ አይመታም፤ አልገባም ያለው የእሱ ቦታ ስላልሆነ ሊሆን ይችላል።

በላዩ ላይ ቫዝሊን ወይም የተርሚናል ቅባት ቀቢ። ከጠበቀ በኋላ ነው እንጂ ከመግጠምሽ በፊት አይደለም።

መያዣውንም ማጥበቅሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ያ ብሎን አስቸጋሪ ስለሆነ ይተወዋል። የሚንቀጠቀጥ ባትሪ ሳህኖቹ ይፈርሳሉ።

ይሄ ሳጥን እኮ ያረጀ ነገር ነው። ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ እርሳስና አሲድ ያገናኘው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው፤ መኪና ገና ሳይኖር። መኪና ከመጣም በኋላ ሞተር የሚነሳው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር። ብረቱ ወደኋላ ሲመታ የብዙ ሰው ክንድ ሰብሯል። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ ላይ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ሲገባ ነው ማንም ሰው ያን ብረት ሳያዞር ማስነሳት የጀመረው። አንቺ ዛሬ ያስገባሽው ሳጥን ያንን ክንድ ነው የተካው። ለዚህ ነው በአንዴ ከ100 አምፒር በላይ የምንጠይቀው፤ ለዚህም ነው የሚከበረው።

የማለዳ ነጂ

ጋሼ፣ በእጄ አዙሬ አየሁት፤ አይነቃነቅም። ቅባቱን አሁን ወርጄ እቀባለሁ።

ሰዓቱ ዜሮ ሆኗል፣ መስኮቱ በአንድ ንክኪ መውረዱን ትቷል። ሞተሩም መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይንገዳገድ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ የመሪ ምልክት ያለው ቢጫ መብራት በርቷል። ያበላሸሁት ነገር አለ?

ቁልፍ አስር

ምንም አላበላሸሽም። መስኮቱን እስከ ላይ ዝጊውና አዝራሩን ለጥቂት ሴኮንድ ይዘሽ ቆዪ፤ ብዙ መኪኖች ላይ በዚያ ይማራል። ቢጫው መብራት የመሪውን መሐል ስለረሳ ነው። መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሪና ትንሽ ንጂ፤ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። የሞተሩ መንገዳገድም ጥቂት ከነዳሽ በኋላ ይስተካከላል። ሬዲዮው ኮድ ከጠየቀሽ ማኑዋሉ ውስጥ ወይም የጓንት ሳጥኑ ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት ፈልጊ።

ጀርመን ነጂ

ባትሪው ማይነስ ላይ ትንሽ ሳጥን መሳይ ሴንሰር ያላቸው መኪኖች ያላችሁ፣ አዲሱን ባትሪ በመመርመሪያ መሣሪያ ለኮምፒውተሩ ማስመዝገብ ሊያስፈልግ ይችላል። ኮምፒውተሩ የአሮጌውን ዕድሜ እያሰበ ነው የሚሞላው፤ ካልተነገረው አዲሱን አብዝቶ ይሞላዋል። ማኑዋሉን እዩ። ያ ሴንሰር ደግሞ ስስ ነው፤ በእሱ ላይ ተደግፋችሁ ማሰሪያውን አትፈንቅሉ።

የሌሊት ፈረቃ

የእኔን ችግር እዚሁ ላቅርብ። አዲስ ባትሪ ካስገባሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በየቀኑ ከነዳሁ ደህና ነው፣ አራት ቀን ካቆምኩት ግን አይነሳም። ዲናሞው 14.2 ይላል። ባትሪው ራሱ የተበላሸ ነው የሸጡልኝ?

ሽቦ አዋቂ

ባትሪውን ከመክሰስህ በፊት የሚሰርቅህን ፈልግ። መኪናው ተኝቶ ሳለ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከ20 እስከ 50 ሚሊ አምፒር ቢሆን ጤነኛ ነው።

ቴስተርህን የ10 አምፒር መስመር ላይ አድርግ፤ ቀዩን ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳም ይለያል። የማይነሱን ማሰሪያ አውጣና ቴስተሩን በማሰሪያውና በተርሚናሉ መሐል አስገባው። በሮቹን ቆልፍ፣ ቁልፉን ራቅ አድርግ። ከዚያ ጠብቅ። ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሰዓት ይወስዳል። በቶሎ ያየኸውን ቁጥር አትመን። ቴስተሩ በመስመር ላይ እያለ ደግሞ ሞተሩን ለማስነሳት አትሞክር፣ ይቃጠልብሃል።

ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልክ እይ። የትኛውን ስትነቅል ቁጥሩ ከወደቀ ሌባው በዚያ መስመር ላይ ነው።

የሌሊት ፈረቃ

አገኘሁት! ከአርባ ደቂቃ በኋላ 0.45 አምፒር ነበር። የውስጥ መብራቶችን ፊውዝ ስነቅል ወደ 0.03 ወረደ። ስልኬን ቪዲዮ ላይ አድርጌ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ትቼ በሩን ዘጋሁ። ቪዲዮውን ሳየው መብራቱ አልጠፋም፤ በሩ ተዘግቶም ፍንትው ብሎ ይበራል። በሩ ሲዘጋ ተጭኖ መብራቱን የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ ተሰብሯል።

አንዲት ትንሽ አምፖል ይህን ታደርጋለች?

ሽቦ አዋቂ

ታደርጋለች። 5 ዋት አምፖል 0.4 አምፒር ገደማ ትወስዳለች። በ24 ሰዓት ወደ 10 አምፒር ሰዓት ነው። ባትሪህ 60 አምፒር ሰዓት ከሆነ በሦስት ቀን ግማሹ ሄዷል፣ በአራተኛው ቀን ሞተሪኖውን ማዞር ያቅተዋል። በስድስት ቀን ባዶ።

አሁን አምፖሉን ንቀልና ባትሪውን በቻርጀር ሙላው። በመንዳት ብቻ ይሞላል አትበል፤ ዲናሞ የተሠራው የወጣውን ትንሽ ለመመለስ እንጂ የሞተ ባትሪ ለማንሳት አይደለም። ባዶ ሆኖ በቆየ ቁጥር ሰልፌቱ ይጠነክራል፤ አዲስ ባትሪ እንዲህ ነው በወራት የሚያረጀው።

አዲስ ገባ

አሮጌውን ባትሪ ምን ታደርጉታላችሁ? የእኔ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል።

የድሮ መካኒክ

ለሸጠልህ ሰው መልስለት፣ ወይም አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስብ ስጥ። እርሳሱ ቀልጦ እንደገና ባትሪ ይሆናል። አንተ ራስህ አትክፈተው፣ አሲዱንም መሬት ላይ አታፍስስ። እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል፤ ልጆች ካሉህ ደግሞ ዛሬውኑ ከጋራዡ አውጣው። እስክትወስደው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ተርሚናሎቹን በፕላስተር ሸፍናቸው።

የማለዳ ነጂ

ከአንድ ወር በኋላ ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት ሳትነሳ ለካሁ፤ 12.58። ሲነሳ 10.9 ላይ ነው የቆመው። ማሰሪያዎቹ ንጹሕ ናቸው፣ ቅባቱ እንዳለ ነው።

ቴስተሩን ለወንድሜ መልሼ የራሴን ገዛሁ። ቅዳሜ እህቴ ትመጣለች። የእሷ መኪና ማይነሱ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፤ ባትሪ ልገዛ ነው ስትለኝ መጀመሪያ ቆዪ አልኳት።